በጠራራ ፀሐይ የቆመው ፓምፕ

እሱባለው ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው የእጣቢ ኩሬ ሲወጣ እናቱ እንኳ አትለየውም ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ በብረት ተፈርክሷል፤ አፍና አፍንጫው በጎምዛዛ የቡና እጣቢ ተሞልቷል። ገዳዩ በምቱ አልረካም፤ ገና እየተነፈሰ ሳለ ማጅራቱን ረግጦ እጣቢው ውስጥ ይዞታል። ቆዳው ላይ የታተመው ጣቢያው ለሠራተኛ ሁሉ ያደለው ቦት ጫማ ነበር።

ኢንስፔክተር ፍሬሰላም ከጅማ ተጠርታ ሰርቦ አጠገብ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስትደርስ፣ ሰዉ ድንጋይ ይዞ በሩን ከቦታል። ግቢው ውስጥ የፓምፕ ጠባቂው ሱፊያን ገደለ ተብሎ በገመድ ታስሮ፣ ጥርሱ ወልቆ ተቀምጧል። እናቱ ረሺዳ ላዩ ላይ ተደፍታ፣ ከአጥር ውጭ የሚወረወረውን በጀርባዋ ትቀበላለች።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ሳይመሽ ውሰጂልኝ» አለቻት። «ከመሸ በሩን ይሰብሩታል። ልጄን ይቆራርጡብኛል።»

«ሟቹን ይህን ያህል ይወዱት ነበር?»

«ወንዙን ያዳነላቸው እሱ ነዋ። ያ ግማት፣ ያ የልጆች እከክ የቀረው በእሱ ነው።»

እሱባለው ከጅማው የምሕንድስና ግቢ ከኪቶ ፉርዲሳ የመጣ መሐንዲስ ነበር። እሱ የተከለው የፀሐይ ፓምፕ እጣቢውን ከኩሬው ውሃ አጣሪ ቬቲቨር ሣር ወደተተከለበት መደብ ያወጣል፤ ከዚያ ውሃው ያለ ምንም ኃይል እየተጣራ ቁልቁል ይወርዳል። ባትሪ የለውም። ፀሐይ ካለች ይሠራል፣ ከሄደች ይቆማል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ወልደሰማያት። «ትናንት ሱፊያን ከመሐንዲሱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ ሰዉ ምሳ ሲወጣ ፓምፑን አቆመ፤ መሐንዲሱ ሊያይ ሲወርድ ገደለው። የማብሪያው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው።»

ሱፊያን ደሙን ተፋ። «ወላሂ አልነካሁትም። ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተነሣ። ስሄድ ውሃው ውስጥ አገኘሁት። እጄ ደም የሆነው ሳወጣው ነው።»

«ደመና ነበር?» ስትል ፍሬሰላም የቡና ማድረቂያዎቹን ኃላፊ ረይሃናን ጠየቀቻት።

«የምን ደመና፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ቡናውን ሸራ አልብሰን ነው ምሳ የወጣነው። ቀትር ላይ ሳይሸፈን ከተተወ ገለፈቱ ይሰነጠቃል። አንድ የማድረቂያ አልጋ ብንረሳ ጋሽ ወልደሰማያት ያባርሩናል።»

ፍሬሰላም ኩሬው ዳር ወዳሉት የፀሐይ ፓነሎች ወረደች። ቀዩ አቧራ ላይ አንድ ሰፊ ነገር ተጎትቷል፤ ጠርዙ ላይ እርጥብ የቡና ገለፈት ተለጥፏል። ተመልሳ ከአንዱ ማድረቂያ አልጋ ወደ ሌላው ሸራ እየገለጠች አለፈች። አንዱ ጋ እፍኝ ቡና ዘግና ሁሉንም ወደ ቢሮ አስጠራች።

«ፓምፑን በቁልፍ ያቆመው የለም» አለች። «ፓነሎቹ ሸራ ለበሱ። ገዳዩ እሱባለውን ብቻውን ወደ ኩሬው ሊያወርደው፣ ጥፋቱንም ባለ ቁልፉ ላይ ሊጥል ፈለገ። ከገደለ በኋላ ሸራውን አነሣና ፓምፑ ተነሣ። ግን ሸራው ከየት መጣ?» እፍኟን ከፈተች፤ ቡናው ሁሉ ተሰነጣጥቋል። «ዛሬ ቀትር ላይ ራቁቱን የዋለ አልጋ አንድ ብቻ ነው። የማን ነው ረይሃና?»

ረይሃና ወለሉን አየች። «ለውድድር የሚሄደው ነው። ጋሽ ወልደሰማያት ሌላ ሰው አያስነኩትም።»

«የሌላ ሰው ሸራ ቢወስዱ ባለቤቱ ያውቅብዎታል» አለች ፍሬሰላም ወደ ወልደሰማያት ዞራ። «ስወርድ ከሣሩ ጀርባ አዲስ የተቆፈረ ቦይ አይቻለሁ፤ እጣቢውን ሳይጣራ ወንዝ ይጥላል። እሱባለው አገኘብዎት።»

«ጣቢያውን ነገ አዘጋለሁ አለኝ» አለ ወልደሰማያት። «የተለቀመ እሸት ቡና ሣር እጣቢውን እስኪጠጣለት ሳይበላሽ ይጠብቃል?» ከበሩ ኋላ ብረት መዞ ረይሃና አናት ላይ ሰነዘረ። የፍሬሰላም ዱላ ቀደመው፤ የእጁ አንጓ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ወደ መኪናው ሲወሰድ ለሱፊያን የተለቀመው ድንጋይ ቅንድቡን ተረተረው።

ረሺዳ የልጇን ገመድ በጥርሷ ስትፈታ ፓምፑ እያቃሰተ ቆመ። በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ሱፊያን ዞሩ። እናቱ መልሳ ላዩ ላይ ተደፋች።

«ተነሺ እማ» አላት፤ ባዶ እጆቹን ለሰዉ እያሳየ። «ፀሐይ ገብታ ነው።»