ቫርኒሽ የተቀባው ቅል

ወንዳወቅ ቢያዝንን «ቆራሌው» ብሎ የሰደበው አምና ጥር ሃያ አንድ ቀን ነው፤ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰቆጣ መናኸሪያ በር። ቢያዝን ሰዓቱን ሳይቀር ያውቀዋል። ከጋዝጊብላ ሁለት አሮጌ ገበቴና አንድ ብርኩማ በጆንያ ይዞ ከመኪና እየወረደ ነበር።

«ቆራሌው! ዛሬስ የማንን ጓዳ ጠርገህ መጣህ?» አለ ወንዳወቅ፣ ያ ሸሚዙን አስተኩሶ የሚውል የባህል ቢሮ ሰው።

መናኸሪያው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ፤ ቢያዝን የመናኸሪያ ሳቅ ለምዷል። ከወንዳወቅ ጎን የቆመች አንዲት ጠይም ልጅ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ስድቡን እዚያው ለወንዳወቅ ተወለት። የልጅቷን ሳቅ ግን ይዞት ቤቱ ገባ።

ማስተዋል ትባላለች። ከደብረ ታቦር በቅርስ ባለሙያነት ተመድባ የመጣች ናት። በሳምንቱ ቅዳሜ ደጁን አንኳኳች።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ እዚህ የለም። ቆራሌው ቤት ያለው አሮጌ ዕቃ ነው።»

«እሺ፣ አሮጌ ዕቃ አሳየኝ።»

ምን ይበላት? በሩን ከፈተላት።

ቢያዝን ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ነው የተወው። የመጨረሻው መምህሩ «አንተ እንጨት ብትለቅም ይሻልሃል» ብሎታል፤ የዚያንም ቀን ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ግን፣ ዋንጫውን፣ ሙዳዩን፣ ገበቴውን፣ ማን እንደጠረበው፣ ማን እንደሰፋው፣ በማን ሠርግ እንደቀረበ በቃሉ ይዘረዝረዋል። ሰሃላ ድረስ በእግሩ ይሄድና አዲስ የፕላስቲክ ጆግ ሰጥቶ ያረጀ ቅል ያመጣል። ሴቶቹ «ይሄ ሰው ጤና የለውም፣ ደህናውን ሰጥቶ ስንጥቁን ይወስዳል» እያሉ ይሸኙታል።

ማስተዋል በዚህ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች፣ ከዚያ በኋላም አልቀረችም። የየዕቃውን ስም በኽምጣኛ እየጠየቀች ትጽፋለች። መልሳ ልትለው ስትሞክር ምላሷ ይተሳሰርባታል፤ እሱ ይስቅባታል።

«አሁን ተበቀልከኝ?» ትለዋለች።

«ገና ነኝ።»

ዓይኗን ከደብተሩ ስታነሳ የሱ ዓይን እዚያው ይጠብቃታል።

አንድ ቀን ጥግ ላይ ከተሰቀለው ቅል ፊት ቆመች።

«ይሄስ?»

«እሱ አይነካም። የእናቴ፣ የሸጌ፣ የወተት መናጫ ነው። የተሰነጠቀ ጊዜ አባቴ በጅማት ሰፋው።» ክዳኑን ከፍቶ አስጠጋላት። የወይራ ጢስ ሸተታት። «ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጢሷ ግን አለ። ሲከፋኝ ከፍቼ አሸተዋለሁ።»

ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ማስተዋል እጇን እጁ ላይ አሳረፈች። ያን ሰሞን ቢያዝን ደብረ ታቦር ሄደው ልጅቷን ለጋብቻ የሚጠይቁለት ሦስት ሽማግሌዎች ለመነ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የባህል ዕቃዎች ዐውደ ርዕይ ተዘጋጀ። «ግድግዳህ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አውሰኝ፤ ቅሉንም ስጠኝ፤ ከኔ እጅ አይወጣም» አለችው ማስተዋል። ሰጣት።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ገበቴው ያብረቀርቃል። ዋንጫው ያብረቀርቃል። ሁሉም በሳሙናና በሽቦ ተፈትጎ ቫርኒሽ ተቀብቷል። የስንት ዘመን ቅቤ፣ የስንት ሴት እጅ ታጥቦ ሄዷል። የእናቱ ቅል እንደተቦረሸ ጫማ ይብለጨለጫል።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማስተዋል። ቫርኒሹ ከጣቶቿ አልለቀቀም። «ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን...»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል... ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ ነው።»

«እንዳይስቅብኝ? አፈርኩብህ በይ እንጂ! ቆራሌውን አጥበሽ ልታገቢው ኖሯል!»

«ቢያዝን፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አምና ጥር ሃያ አንድ ስትስቂብኝ ሰው አልነበረም?»

ፊቷ ደም መሰለ። «ይሄን ሁሉ ቅዳሜ አብረኸኝ ስትቀመጥ፣ ያን ቀን ይዘህብኝ ነበር?»

«ኧረ ቆራሌው ተቆጣ!» አለ ወንዳወቅ ከጠረጴዛው ማዶ።

«አንተ አፍህን ዝጋ!» አለችው ማስተዋል። እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩ። እሷ ግን ወደ ቢያዝን ዞረች፤ ድምጿ ወረደ። «ያን ቀን የሳቅሁት አዲስ ሰው ስለሆንኩ ነው፤ ሲስቁ ሳቅሁ፤ ነውር ነው። ይሄም ጥፋት ነው፤ ባለሙያ ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ውስጡን አልነካሁትም። አንድ ጠብታ ሳሙና አልገባበትም። ክፈተውና አሽተው።»

ቢያዝን ቅሉን እንጂ እሷን አላየም።

«ዝውውሬ ወጥቷል። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። አንዲት ቃል ናት።»

ቢያዝን ቅሉን አነሳ። አውራ ጣቱ ክዳኑ ላይ አረፈ። ቢከፍተው እናቱን ያገኛታል። እናቱን ካገኘ ደግሞ ይቺን ልጅ ይቅር ማለቱ ነው። ይቅር ካላት ጥር ሃያ አንድን የት ያደርገዋል? እሱም ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሆዱ ውስጥ ሲያጥነው የኖረ ነገር ነው።

«ቢያዝን። ልቅር?»

ቅሉን ብብቱ ሥር ያዘ። በእንግዶቹ መሃል ሰንጥቆ ወደ በሩ አመራ። ከኋላው ጠራችው። ቆራሌው አላለችውም፤ በስሙ ጠራችው፣ ሁለት ጊዜ። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ቫርኒሹ እጁ ላይ ተጣበቀ። ክዳኑን እንደጨበጠ፣ ሳይከፍተው፣ ሳይመልስላት ሄደ።