ፍላሹ ላይ ያልነበረው ሃያ ደቂቃ

ስክሪኑ ላይ በሩ ሲከፈት መርፌ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

«ምነው፣ ጊንጥ ነው?» አለች አክስቷ ከኋላዋ በሹክሹክታ።

«በሩ ተከፈተ እኮ።»

«ታዲያ በር ለምን ተሠራ? አርፈሽ እዪ፣ ሰው ትረብሺያለሽ።»

መርፌ የሚሏት ቀጥነቷን አይተው ሳይሆን ምላሷን ሰምተው ነበር። ምላሷ ሲታሰር ታይቶ አያውቅም። ዛሬ፣ በጠራራ ቅዳሜ፣ ሲኒማ ቤት መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ታሰረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ፊልም የዓመቱን ትልቅ ሽልማት የወሰደ፣ ያላየው ሁሉ ሳይቀር የሚያወራለት ፊልም ነው። አንዲት ሴት በልጅነቷ ከቤት ያባረራትን አባቷን ፍለጋ ሦስት ከተማ አቋርጣ ትመጣለች። በመጨረሻ ቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆምና እጇን የበሩ እጀታ ላይ ታሳርፋለች። መርፌ ባለፈው ወር ጓደኛዋ በፍላሽ የሰጣትን ቅጂ ስታይ እዚህ ላይ ስክሪኑ ጨለመ። አለቀ። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ እንባዋን ጠረገችና በዚያው ሞቅታ ሦስት ገጽ ጻፈች። ርእሱን «ያልተከፈተው በር» አለችው። ሦስተኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች ስለዚያ እጀታ ነው። «ዳይሬክተሩ በሩን ያልከፈተው፣ ይቅርታ ከውጭ ሆነው የሚከፍቱት በር እንዳልሆነ ሊነግረን ነው» ብላ አፏን ሞልታ ጽፋለች።

የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ ደግሞ ትላንት ዓርብ ተሰብስቦ፣ የዓመቱ ምርጥ የፊልም አስተያየት ይኸው ነው ብሎ ዋንጫ ወሰነላት። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ባለበት፣ በማይክሮፎን አንብባ ትቀበላለች። ፊልሙን በትልቅ ስክሪን አንድ ጊዜ ልየው ብላ አክስቷን ለምና የገባችው፣ ለሰኞው ድምጿን የምታሳምርበት ስሜት ፍለጋ ነበር።

አሁን ያ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የከፈተው ሽማግሌ ልጁን አላወቃትም። እያንዳንዱን ቃል ጎትቶ፣ «የመብራት ሠራተኛዋ ነሽ?» አላት። ሴትዮዋ እጀታውን ለቀቀች። ከዚያ «አዎ» አለች። ገባች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ የተቃጠለውን አምፖል መፍታት ጀመረች። ሽማግሌው እንዳትወድቅ ብሎ ከሥር ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘላት። ያባረራት ሰው ወንበር ያዘላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብዙ ነገር አወሩ፣ የአባትና የልጅ ነገር ግን አንዴም አልተነሳም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

መብራት በራ። ሰው ወጣ። አክስቷ የእጅ ባትሪዋን ኪሷ ከታ መጥረጊያዋን አነሳች። እዚህ ቤት ትኬት እየቀደደች፣ በጨለማ ወንበር እያሳየች፣ ሲያልቅ ደግሞ እየጠረገች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«አክስቴ፣ ይሄ ፊልም ጥሩ ነው?» አለች መርፌ።

«አሥራ አንድ።»

«ምኑ ነው አሥራ አንድ?»

«መሀሉ ላይ አሥራ አንድ ሰው ሽንት ቤት ሄደ። ሴትዮዋ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጣ ስታስብ ጊዜ እኮ እኔም ልሄድ ነበር። አምፖሉ ላይ ግን ማንም ንቅንቅ አላለም። ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ልብስ ሰፊ እንኳ፣ ግማሽ ሰዓት የማይታገሰው ሰውዬ፣ ጉልበቱን ግጥም አድርጎ ይዞ ቁጭ ነው ያለው።»

«ተሸልሟል እኮ።»

«ይሸለማ፣ ማን ከለከለው? ሸላሚዎቹ ግን ወንበር ሥር ጠርገው ያውቃሉ?» አክስቷ ጎንበስ ብላ የፈንዲሻ ከረጢት አወጣችና አሳየቻት፤ እስከ ግማሹ ሙሉ ነው። «ሰው ሲሰለቸው ይበላል። ቀሽም ፊልም ባዶ ከረጢት ነው የሚተውልኝ። ጥሩ ፊልም ደግሞ ፈንዲሻውን ያስረሳዋል። ዋንጫ ማለት ይኼ ነው፤ እኔ ነኝ ተሸክሜ የምወጣው።»

ሌላ ቀን ቢሆን መርፌ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ወንበር መደገፊያ ይዛ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፍላሹን፣ እጀታውን፣ ዋንጫውን። አክስቷ መጥረጊያዋን ሳታቆም ሰማቻት።

«እዚህ በር ላይ ስቆም» አለች በኋላ፣ «ትኬት ሳይቆርጥ ሾልኮ ገብቶ፣ ወንበሬን ያዙብኝ ብሎ የሚጮህብኝ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። አይኑን በጨው አጥቦ።»

«እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር። አልዋሸሁም።»

«ትላንት አላወቅሽም» አለች አክስቷ። «ዛሬስ?»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈች። ይህች ሴት አንድ ነገር ከተናገረች በኋላ ቆማ አትጠብቅም።

እሑድ ጠዋት መርፌ ፍላሽ ቤት ሄደች። ፍላሽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። ስሙን ያገኘው አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥለው ፍላሽ ሲሆን፣ ክበቡ ውስጥ የሚታይ ፊልም ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘችው።

«የበሩ ፊልም ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?» አለችው፣ ደህና አደርክም ሳትለው።

ብሩሹ ቆመ።

«እንጃ» አለ።

«አንተ እንጃ ካልክ ማን ሊያውቅ ነው? ሲኒማ ቤት አየሁት። በሩ ይከፈታል።»

ፍላሽ ግራና ቀኙን አየ። «በናትሽ ቀስ በይ። ዲስኬ ሞልቶ ነበር። ኮፒው ሊያልቅ ሲል ቆመብኝ። የቀረው የሠሪዎቹ ስም ብቻ የሚያልፍበት መስሎኝ ቆረጥኩት።»

«ሃያ ደቂቃ ስም?»

«የብዙ ሰው ሥራ ነዋ።»

መርፌ አልሳቀችም። ፍላሽ ብሩሹን አስቀመጠና ድምፁን አለሰለሰ።

«ስሚኝማ። ፊልሙ ዛሬ ነው የመጨረሻው ቀን፣ ነገ ከሲኒማ ቤት ይወርዳል። ክበቡ ሃያ ሦስት ሰው ነው፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከእኔ ነው የወሰዱት። ክበቡን የሚመሩት ቲቸርም ጭምር።»

«ቲቸርም?»

«ቲቸርም።»

«ታዲያ ዓርብ ዕለት ‹የአጨራረሱ ድፍረት› ያሉት...»

«የኔ ዲስክ ድፍረት ነው» አለ ፍላሽ አንገቱን ደፍቶ።

ይሄኔ መርፌ ሳትወድ ሳቀች። ዓርብ ትዝ አላት። ክበቡ ተሰብስቦ የዓመቱን ፊልሞች ሲያማ፣ ስለ ድብድቡ ፊልም ሲጨቃጨቅ፣ የበሩ ፊልም ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ፈላስፋ ሆኖ ነበር። አንዱ «ጨለማው ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው» አለ። ሌላዋ «ሽልማቱን ያሰጠው ያ ዝምታ ነው» አለች። ለመርፌ ጽሑፍ ድምፅ ሲሰጥ እጁን ያላወጣው ፕሮፌሰር ብቻ ነበር። ፕሮፌሰር የሚሉት ወፍራም መነጽሩን አይተው ነው። «እኔ አላየሁትም፤ ያላየሁትን አልመርጥም» አለ። እሱ አስተያየት የጻፈው ጡረታ ሊወጣ አንድ ቀን ስለቀረው የአውቶቡስ ሾፌር በተሠራ፣ ማንም ባልሸለመው አንድ አስቂኝ ፊልም ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ አይቶታል። ጽሑፉ ሁለተኛ ወጣ።

መርፌም ያን ዕለት ምላሷን ሳትሰበስብ፣ «ያንተ ፊልም የሚሸለመው የአውቶቡስ ትኬት ነው» ብላ ክበቡን በሳቅ ገደለችው። ፕሮፌሰር «ሽልማት እኮ አሥር ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተስማማ ማለት ነው። ተስማሙ እንጂ አዩ አላልኩም» ብሎ መነጽሩን ጠረገ። እሱንም ፋራ ብለው ሳቁበት።

«ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም» አለ ፍላሽ። «ከተናገርሽ ግን እኔ አለቀልኝ። ከእንግዲህ ማን ፊልም ይወስዳል ከእኔ? ዋንጫውም ለፕሮፌሰር ነው የሚሄደው። ሙድ ይይዝብሻል።»

«ቢይዝ ሲያንሰኝ ነው።»

«መርፌ፣ ጓደኛሽ ነኝ።»

«ነህ» አለችው። «ስምህን አልጠራም። አንተ ግን የቆረጥከውን ታውቃለህ፣ እኔም ያላየሁትን አውቃለሁ። ከዚህ በኋላ ያንን ገጽ በማይክሮፎን ሳነብ ፊትህን ማየት አልችልም። ያንተን ትቼ የራሴንም።»

ስትሄድ ፍላሽ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመምህራን ክፍል በር አንኳኳች። የክበቡ ኃላፊ መምህር ዋንጫውን በመሐረብ እየወለወሉ ነበር። ትንሽ ዋንጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ትንሽ ጠመም ያለ። መርፌ ቆማ ነገረቻቸው፤ ቅጂው መቆረጡን እንጂ ማን እንደቆረጠው አላነሳችም።

መምህሩ መወልወላቸውን አቆሙ።

«ሃያ ደቂቃ?» አሉ።

«ሃያ ደቂቃ፣ ቲቸር። አምፖል ይቀየራል።»

«እኔ ስለዚያ ጨለማ ሁለት ክፍል ሙሉ አስተምሬአለሁ።» መሐረቡን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። «ዋንጫው ላይ ስምሽ ተቀርጿል እኮ። እና አሁን ምን ልታነቢ ነው?»

«ሁለቱ ገጽ ያየሁት ነው፤ እሱን አልክደውም። ሦስተኛውን ግን አላነበውም። ዋንጫውም እንደገና ይዳኝ። እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ይዳኘው።»

«እኔንም ልትጠሪኝ ነው?»

«የራሴን ነው የምናገረው፣ ቲቸር። የእርስዎን እርስዎ ያውቃሉ።»

መምህሩ ፊታቸው ቀላ። ሊቆጡ ነው ብላ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። እሳቸው ግን ዋንጫውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በሩን ከፈቱላት።

ግቢው ጢም ብሏል። ማይክሮፎኑ እንደ ልማዱ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። መርፌ ሦስቱን ገጾች ይዛ ወጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችው። ከፊት ረድፍ ፍላሽ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሏል፤ ጫማው ያበራል። ፕሮፌሰር ከኋላ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«ከማንበቤ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። ድምጿ ግቢው ውስጥ ሲያስተጋባ ራሷን አስደነገጣት። «የበሩን ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ እጁን ያውጣ።»

እጅ እንደ ጫካ ወጣ። ክበቡ ከሞላ ጎደል አወጣ። ክበቡ ውስጥ የሌሉም አወጡ። ፊልሙ የትኛው እንደሆነ የማያውቁ ትንንሾች እንኳ አወጡ። ከመምህራኑ መሀል ሁለት ሦስት እጅ ታየ። የክበቡ መምህር ዋንጫዋን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ፣ እጃቸውን አላነሱም። ፕሮፌሰርም እጁን ከኪሱ አላወጣም። የፍላሽ እጅ ደረቱ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ።

«ዓርብ ዕለት ብትጠይቁኝ እኔም አወጣ ነበር» አለች መርፌ። «አውርዱት። በሩ ይከፈታል።»

ግቢው መንሾካሾክ ጀመረ። እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

መርፌ ሦስተኛውን ገጽ አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተች። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ፣ አንድ ሽማግሌ ወንበር እንዴት እንደያዘ መናገር ጀመረች።