በነሐሱ ክንድ ላይ የተሰቀለው ቦርሳ

ትሕትና ከቦሩ ጋር የተዋወቀችው በጠብ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ስታዲየሙ በር ላይ፣ የዝነኛው የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ወደ ባቡሯ ስትጣደፍ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታና ቦርሳዋን በሐውልቱ ክንድ ላይ ሰቀለች።

«አንሺው! መስቀያ መሰለሽ?»

አንድ ወጣት ነው፤ ሐበሻ መሆኗን አይቶ በአማርኛ ጮኸባት።

«ምን አገባህ? ወንድምህ ነው?»

«ልጄ ነው!» አለ ወጣቱ።

ቦሩ በጎረቤቷ ከተማ ሴንት ፖል ውስጥ ነሐስ አቅልጠው ሐውልት የሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ይሠራል፤ ያንን ክንድ ሞርዶ ያለሰለሰው እሱ ነው። እንደተኮሳተረ ክንዱን በእጅጌው ወለወለው። ትሕትና ልትሰድበው አፏን ከፍታ ዓይኑን ስታይ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሲሳሳቁ ባቡሩ አመለጣት።

ዓመት ሳይሞላ ቦሩ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ሳህሉ ግን፣ «ጣዖት ለሚያበጅ ልጄን አልድርም! መጀመሪያ ሥራውን ይተው» ብለው መለሷቸው።

ጉድ እኮ ነው! እኚሁ ሰውዬ አምና ያንኑ ሐውልት አቅፈው ፎቶ ተነሥተው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ልከዋል። ያን ጊዜ ጣዖት አልነበረም! ትሕትና ደሟ ፈላ። ያለ አባቷ ምርቃት መዳር ደግሞ አንጀቷ አይችልም።

የባሰው በሳምንቱ መጣ። ቦሩ ሐውልቱ ሥር ቀጥሯት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሥራዬን ኪዊት አደረግኩ፤ ተውኩት» አላት። «ዌርሃውስ ገብቻለሁ፣ ዕቃ ልደረድር። አባትሽ ደስ ይበላቸው።»

«ማንን አማክረህ?»

«ላንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«በእኔ አታሳብ!»

ቦርሳዋን አነሳችና በነሐሱ ክንድ ላይ ሰቀለችው። ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀች። ቦሩ ቦርሳውን አየ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

እንባዋ መጣ። «አየህ? እኔ የወደድኩት ለሥራው ብሎ የጮኸብኝን ሰው ነው። ይሄ ዝም ያለውን አላውቀውም። አባዬ ለማን ሊድረኝ ነው?»

ነፋሱ ቦርሳውን ባወዛወዘው ቁጥር የብረት ዘለበቱ ነሐሱን ይፍቀዋል። ቦሩ ጥቂት ታገሠ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«አንሺው!» ብሎ ጮኸ። «እየጫረው ነው እኮ! መስቀያ መሰለሽ?»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ትሕትና ቦርሳዋን አወረደች፤ ተቆጥተዋት እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ቦሩ የተጫረውን ቦታ በእጅጌው ሲወለውል እሷም በነጠላዋ ጫፍ አገዘችው።

«ነገ ሥራህን መልሰህ ጠይቅ» አለችው። «ሽማግሌዎቹንም መልሰህ ላክ።»

«አባትሽ አሁንም እምቢ ቢሉስ?»

«ሽማግሌዎቹ በባዶ እጃቸው አይሄዱም። አባዬ ሐውልቱን ያቀፈበትን ፎቶ አስይዛቸዋለሁ።»