የወረታው ትምህርት ቤት የምሥራቅ ማዕዘን

ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ እጄ የጀመርኩት ነው።

ሚያዝያ 1955 ዓ.ም.፣ ወረታ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

አበረ እባላለሁ። ከወረታ እስከ ይፋግ ግንበኛ ሲፈለግ የሚጠራው እኔን ነበር።

ያየህ እስኪመለስ ድረስ።

ያየህ አብሮ አደጌ ነው። ካራቆሬ ላይ ምድር በተንቀጠቀጠ ጊዜ እዚያ ነበር፤ የፈረሱ ቤቶችን ሲጠግን ቆይቶ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። የድንጋዩን ግድግዳ ዙሪያውን በጥድ አግዳሚ ያስረዋል፤ ማዕዘን ላይ እንጨቶቹን ያቆላልፋቸዋል። «መቀነት» ይለዋል።

«ምድር ስትናወጥ ያልታሰረ ግድግዳ ለየብቻው ይወድቃል» ይል ነበር። «የታሰረው አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይለያይም። ድሃም ይሠራዋል።»

የአዲሱን ትምህርት ቤት ግንባታ ለእሱ ሰጡት። እኔን በእሱ ሥር ቀጠሩኝ።

ቻልኩት። ግን አንድ ቀን ባለቤቴ ስንዱ፣ «የእኛንም ቤት ያየህ ቢያየው ምናለ?» አለችኝ።

እኔ የሠራሁትን ቤት... ያየህ!

በማግስቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲሄድ መጋዝ ይዤ ቀረሁ። የምሥራቁን ማዕዘን መቀነት ቆረጥኩና በጭቃ መረግሁት። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሰው እንዲስቅበት ነበር የፈለግሁት።

ሰኞ አርባ ልጆች ይገቡበታል። አላሰብኳቸውም ብል ውሸት ነው።

ሌላው ምርጊት ደረቀ። የእኔ ግን... አልደረቀም።

በሦስተኛው ቀን ያየህ ውስጥ ሆኖ የግድግዳውን ቀጥታነት ሊለካ ቱንቢ አወረደ። ነፋስ የለም። ቱንቢው ግን ወደ ማዕዘኑ ይሳባል... ይመለሳል... ደግሞ ይሳባል።

ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«አበረ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ና ስማ።»

«ምኑን?»

«ሰው ያቃስታል።»

ሰማሁት። ከባድ ሸክም የያዘ ሰው ድምፅ ነው። ሮጬ ወጥቼ ከኋላ አየሁ።

ማንም የለም።

ያኔ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

ከመንገዱ ማዶ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ማናዬ እንስራ ደርድረዋል። አንዱም አልተነቃነቀም። የሚናወጠው ቤቱ ብቻ ነው።

ያየህ ደግሞ ውስጥ ነው።

አንድ ትንፋሽ ያህል... ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ጮህኩ። «ያየህ ውጣ! ማዕዘኑን ቆርጬዋለሁ!»

ወጣ። ቤቱም ጸጥ አለ።

አልወደቀም።

ያየህ አልመታኝም። መዶሻ አንሥቶ ምርጊቱን አፈረሰው። የቆረጥኩት እንጨት ስንዝር ያህል ተለያይቷል። ማዕዘኑ መቆም አልነበረበትም።

በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ አንድ ሰው ይዟቸው የቆየ ይመስል፣ የጣት ምልክት ነበር። አሥር ጣት... እንጨቱ ውስጥ የሰመጠ።

«እኔን ለማዋረድ ብለህ ነው?» አለኝ ያየህ።

«አንተን ለማዋረድ ነው።»

«ጥድ አምጣ።»

ለሁለት ሆነን መቀነቱን ቀጠልነው። የመጨረሻውን ምስማር እንደመታሁ ከግድግዳው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ...

ከማዕዘኑ ሥር፣ አቧራው ላይ፣ የባዶ እግር ዳና ታተመ። ሌላ ተከተለ። እያየነው፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ ወረደ።

የሚግጡት ከብቶች ቀና አሉ... ግራና ቀኝ ተከፍለውም መንገድ ለቀቁለት።