ጥቁር ሆኖ የወጣው ፊልም

«ጥቁር ነው» አሉ ጋሼ ይገረም። የታጠበውን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስተው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። «አንድም ፎቶ የለበትም። ብርሃን ነክቶታል። የጨለማ ክፍሉን መጋረጃ በደንብ ሳልዘጋ ፊልሙን አውጥቼዋለሁ ማለት ነው።»

ባንኮኒው ላይ የሻይ ብርጭቆ ስትደረድር የነበረችው ዱንያ እጇ ቆመ።

ሰባተኛ ሰፈር ያለው የአባቷ ፎቶ ቤት ወደ ዲጂታል ከዞረ አራት ዓመቱ ነው። በዓመት አንድ እሁድ ግን አባቷ ሙህዲን፣ የተክለ ሃይማኖቱ ፎቶ አንሺ ወርቁና ፊልም አጣቢው ጋሼ ይገረም ይሰበሰባሉ። ሙህዲን የመጀመሪያ ካሜራውን፣ አሮጌዋን ያሺካ፣ ከመስታወት ሳጥኗ ያወጣታል። እየተቀባበሉ አንድ ፊልም ይጨርሳሉ። በሳምንቱ ጋሼ ይገረም በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ያጥቡትና ሻይ እየጠጡ የድሮውን ያወራሉ። ዱንያ ከኢድ ቀጥሎ የምትወደው ቀን ይህ ነበር።

ባለፈው እሁድ ሰዎቹ ለምሳ ሲወጡ ያሺካዋ ባንኮኒው ላይ ቀርታ ነበር። ዱንያ አነሳቻት። በር ላይ የቆመ ጋሪ አነጣጥራ አነሳች፤ የመጨረሻዋ ፎቶ ነበረች። ከዚያ በዲጂታሉ እንደለመደችው የካሜራዋን ጀርባ አየች። ስክሪን የለም። ያነሳችው የት እንደሚታይ ስትፈልግ የካሜራዋ ጀርባ ተከፈተ። በፀሐዩ ፊት ፊልሙን ሳብ እያደረገች ፎቶዎቹን ፈለገች፤ አንዱም አልታያት ሲል መልሳ ዘጋችው። አባቷ ከምሳ ተመልሶ ፊልሙን ጠቅልሎ ሲያወጣ ምንም አላወቀም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁን ገባት። ጆሮዋ ጋለ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ፊልሙ ራሱ አርጅቶ ይሆናል» አለ ሙህዲን።

«አይ ልጄ፣ ያረጀሁስ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጥብ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ከእንግዲህ የሰው ትዝታ አላበላሽም።» የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

ዱንያ ልትናገር ፈለገች። ግን ፈራች። አባቷ በዚህ ክረምት ካሜራ ሊያስተምራት ቃል ገብቶላታል። ያሺካዋን ያለ ፈቃድ እንደነካች ካወቀ ክረምቱም ቀረ ማለት ነው።

«አቦ ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔ ምን ልበል?» አለ ወርቁ። «ያሺካዬን በገዛሁ በሳምንቱ ጎጃም በረንዳ ሰርግ ተጠራሁ። ቀኑን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ! ስጨርስ ብከፍታት ፊልም አላገባሁባትም!»

«ሙሽሮቹስ?» አለ ሙህዲን።

«ሰኞ እንደገና አለበስኳቸዋ! ሙሽራዋ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ትረግመኛለች።»

ሙህዲን እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ ደግሞ ያሺካዬን ታቅፌ ነበር የምተኛው። እናቴ ‹ይሄ ልጅ ሳይነግረኝ አገባ እንዴ?› ትል ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ተራ።»

«የእኔን ታውቁታላችሁ» አሉ ጋሼ ይገረም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዱንያ በቃሏ ታውቀዋለች። በመጀመሪያዋ ያሺካቸው አንስተው፣ በገዛ እጃቸው አጥበው ያወጡት የመጀመሪያ ፎቶ የሟች ባለቤታቸው ነበር። ፊቷ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ እንዴት እንዳስለቀሳቸው በየዓመቱ ያወራሉ፤ በየዓመቱም ዐይናቸው እንባ ያቀራል። ዛሬ ግን ወሬውን ትተው ጥቁሩን ፊልም ጠቀለሉ። ያለዚህ ወሬ ሻዩም ጣዕም የለውም።

«እሺ፣ አሁን የቀረው ማን ነው?» አለ ወርቁ ጨንቆት።

ዱንያ ቁልፉን ከባንኮኒው አንስታ በጋሼ ይገረም መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

አባቷ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ያሺካ የያዝሽው መቼ ነው?»

«ባለፈው እሁድ። ምሳ ልትበሉ ስትወጡ።»

ሳቁ ቆመ። ዱንያ ዐይኗን ከጋሼ ይገረም ላይ ሳትነቅል፣ ከጋሪው ፎቶ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው።