ሦስቱ አዳዲስ ቄቦች

ሟቹን ሰፈሩ «አባባ ዶሮ» የሚላቸው ለሰው ከሚያወሩት ይልቅ ለዶሮዎቻቸው የሚያወሩት ስለሚበዛ ነው። ዛሬ ጠዋት በሃያ ሁለት ዶሮዎች መሀል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተፈርክሷል። ዶሮ ደም አይቶ አያልፍምና፣ ልጃቸው በሩን ስትከፍት በእጃቸው የመገቧቸው ሁሉ ቁስሉን ከበው ይነቁሩ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። የልጅቷ ባል፣ አናጢው፣ በካቴና ታስሮ ግንቡ ሥር ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑ በቡጢ አብጦ ተዘግቷል። ሬሳው አጠገብ የተገኘው ደም የለበሰ መዶሻ የእሱ ነው።

«ትናንት ተጣልተው ነበር» አለች ልጅቷ። «የዶሮ ቤቱን አፍርሼ የሥራ ቦታ ላድርገው ቢል አባቴ ሰደቡት። ለፖሊሶቹ እኔው ነኝ የነገርኳቸው። አሁን ሊወስዱት ነው። እሱ ካልሆነ ያድኑልኝ፣ በሞቴ!»

«እሱ ከሆነስ?»

ልጅቷ ዓይኗን ከባሏ ላይ አነሳች።

ኢንስፔክተሯ ከራስ ቅሉ ይልቅ የሟቹን እግር ስታይ ቆየች። ሟቹ ነጭ ቦቲ አድርገዋል። የዶሮ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጥቁር ቦቲ ተሰቅሏል።

«ሁለት ቦቲ ለምን?»

«ነጩ ለአዲሶቹ ነው። አዲስ ዶሮ ሲገዙ ሦስት ሳምንት ለብቻው ያስቀምጡታል፣ በሽታ ካለው እንዳያጋባ። ጠዋት በጥቁሩ አሮጌዎቹን ይመግቡና ነጩን አድርገው ወደ አዲሶቹ ይሄዳሉ። በነጩ ተመልሶ እዚህ መግባት አይታሰብም። እኔ አንዴ ተሳስቼ ገብቼ በጥፊ አቅምሰውኛል፤ ያውም በሠርጌ ማግስት!»

አዲሶቹ ያሉት ከግቢው ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ነጠብጣብ ዶሮዎች፣ አናታቸው ላይ ያለው ኩክኔ እንደ በርበሬ የቀላ። ኢንስፔክተሯ ወለሉ ላይ የተነሰነሰውን ሰጋቱራ በእንጨት ገለጥ አደረገች። ሥሩ በደም ርሷል።

አዲሶቹን የሸጠችውን ዶሮ ሻጭ የግቢው በር ላይ አገኘቻት።

«የሸጥኩላቸው ከአምስት ቀን በፊት ነው። ቄቦች ናቸው፤ እንቁላል ሊጥሉ ወር ተኩል ይቀራቸዋል» አለች ሻጯ። «ደግሞ አባባን ማን ያታልላቸዋል? ዘሩ በሽታ ይችላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ዓይን ይገልጣሉ፣ ክንፍ ሥር ቅማል ይፈልጋሉ። ዶሮ የሚገዙ ሳይሆን ልጅ የሚድሩ ነው የሚመስሉት።»

«ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ እንዲህ አልመረጡም» አለ አናጢው ከግንቡ ሥር። ፖሊሱ በጫማው ጎሰመው።

«ክትባትስ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ዶክተር መከተባቸውን ፈርሞ ወረቀት ሰጥቶኛል።»

ዶክተር የሚባለው ከአጥሩ ጀርባ የሚኖረው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። ዶክተር አይደለም፤ ሰው ሲጠራው ግን አያርምም። እሱም ከጎረቤቱ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«እዚህ ግቢ መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ከወር በላይ ሆነኝ። ምን ትለፊያለሽ እህቴ? መዶሻውም ባለ መዶሻውም እዚሁ ናቸው!»

ይህን ጊዜ ከክፍሏ ውስጥ አንዲት ዶሮ ቄቄቄ ብላ ጮኸች። ኢንስፔክተሯ ገብታ ወጣች። መዳፏ ላይ ትኩስ እንቁላል አለ። ሰዎቹን ሁሉ ግቢው መሀል ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው የሞቱት በነጩ ቦቲ ነው። ስለዚህ የተገደሉት አዲሶቹ ክፍል ነው፤ ደሙም እዚያ አለ። ገዳዩ ጎትቶ አሮጌዎቹ ቤት የጣላቸው ያቺን ክፍል ማንም እንዳያይ ነው። ምን ነበረባት? ቄቦቹ። አሁን ግን የሉም፤ ቄብ እንቁላል አትጥልም።»

«የኔ አይደሉም!» አለች ሻጯ በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ። «እነዚህ እናቶች ናቸው!»

«አንቺ ብትለውጪያቸው በቄብ ትለውጫቸው ነበር፤ ቤትሽ ሞልቷል። አናጢው ዶሮ የለውም። የለወጠው ሰው ቤቱ ያሉት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ብቻ ናቸው። ጤነኛ እንዲመስሉለት ኩክኔያቸው የቀላውን መረጠ። የሚቀላው ደግሞ እንቁላል ስትጥል ነው። የድሮዎቹ ለምን ጠፉ? ፈንግል፣ ያልተከተበ ዶሮ የሚፈጀው በሽታ፣ ይዟቸው አንገታቸው ተጠማዞ መሆን አለበት። ያንን የሚፈራ ማነው? ሻጭ ዶሮውን ትለውጣለች፤ ክትባት ሳይሰጥ የፈረመ ግን ፊርማውን በምን ይለውጣል?»

የክፍሏን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሦስቱ ዶሮዎች በሰው ሁሉ እግር መሀል ሾልከው በቀጥታ ዶክተሩ እግር ሥር ደረሱ፤ እህል እንዲበትንላቸው አንገታቸውን አንጋጠው ጠበቁ።

«ሂዱ!» አለና አንዷን በእርግጫ ግንብ ላይ ለጠፋት።

ከዚያ አካፋ አነሳ። ፖሊሱ ሲመክት የክንዱ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ምት ወደ ኢንስፔክተሯ አናት ሲወርድ አናጢው ከግንቡ ሥር ተፈናጥሮ በትከሻው ገጨው። ተያይዘው ወደቁ። አናጢው የታሰሩ እጆቹን አንስቶ የዶክተሩን ፊት በካቴናው ደጋግሞ ደበደበው፤ አፍንጫውና ጥርሱ አንድ ላይ እስኪቀላቀሉ።

«መብራት ጠፍቶ ነው!» ጮኸ ዶክተሩ። «ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ተበላሸብኝ... አባባ በጠዋት ጠርተው አሳዩኝ፣ ለአለቆችህ እናገራለሁ አሉ... መዶሻው መስኮቱ ላይ ነበር...»

ከዶክተሩ ጓሮ አንድ ጆንያ ተቆፍሮ ወጣ። ሦስት ቄቦች፣ አንገታቸው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ።

«ሬሳውን ስትጎትት በሽታውንም አሮጌዎቹ ቤት አስገብተሃል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ዶክተሩ ደሙን ተፋ። «አሮጌዎቹም ይታረዱና ይቀበሩ። ዛሬውኑ።» ያን ሰሞን የሰጠው የመጀመሪያው ትክክለኛ ምክር ይህ ነበር።

የአናጢው ካቴና ተፈታ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ባልና ሚስት ከሃያ ሁለቱ ዶሮዎች ጋር ቀሩ። ልጅቷ ቢላዋ ይዛ መጣች።

«ለፖሊሶቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«መንገር ብቻ አይደለም። አምኜ ነበር።»

አናጢው በደህናው ዓይኑ አያት። ቢላዋውን ሊቀበላት ሞከረ፤ ካቴና ያደነዘዛቸው ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

«አንቺ እረጂ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» አለ።

የመጀመሪያዋን ዶሮ ክንፏን በክንዱ ጨምቆ ያዘላት። ደሙ በሁለቱም ደረት ላይ ተረጨ። ልጅቷ ቢላዋውን እንደጨበጠች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ቆመች። እሱ ሳይሰጋ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ሳይቸኩል፣ ሁለተኛዋን ሊያመጣ ገባ።