ከጀርባ የሚቀባ ዓይን

ዳይሬክተር ኩዋባራ የተገደለው፣ ሩሪና ቶዋ ጨረቃን በቡጢ የሚሰነጥቁበት የመጨረሻው ክፍል በቴሌቪዥን ሊታይ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሩሪና ቶዋ የካርቱን ልጃገረዶች ናቸው። በየሳምንቱ ዓለምን ያድናሉ፤ ሲያድኑም ግማሹን ያፈርሱታል። የጃፓን ልጅ በሙሉ ይስቅላቸዋል። የሚሠሯቸው ሰዎች ግን ሳቅ ከረሱ ዓመታት አልፈዋል።

ሬሳው የተገኘው ቶኪዮ፣ ሱጊናሚ ውስጥ፣ የካርቱን መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው የቀለም ክፍል ነው። በከባድ የመስታወት መተርኮሻ ማጅራቱን ተመትቷል። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሩሪ ፊት የታተመበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ፣ ግማሹ ተቀብቶ፣ የተቀባው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። አብሮት የተገኘው ብሩሽ የክፍሉ አለቃ የወይዘሮ ሃትሱኤ ነው። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። ፊት ለፊት ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጡት ባልቴት ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ እንደቀሩ በእርግጠኝነት ተናገሩ። ሃትሱኤ፣ የልጃገረዶቹ ሠዓሊ ኢሶቤና ሥራ አስኪያጁ ሴጋዋ ናቸው።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩ አልቆለታል። «ብሩሹ የሷ፣ ሥራው የሷ፣ ጠቡም የሷ። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች» አለ።

«ስንት ሰዓት አለኝ ማለት ነው?» አለ ኢንስፔክተር ሺባዛኪ። ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው፣ ጥርሱን የሚያመው፣ የአዛዥ ፊት የሚሰለቸው ሰው ነው።

«ሦስት።»

«ለጥርሴ ሕመም ጭምር ይበቃኛል።»

ሃትሱኤ እስር ቤት ውስጥ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቶ ቀርቷል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ፣ ወይዘሮ።»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? በፊልሙ መጨረሻ ላይ ከሚወጣው ዝርዝር ስሜን ሰርዞ ‹ሌሎች ቀቢዎች› ብሎ ጻፈኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሠርቼ ‹ሌሎች› ሆንኩ።»

«ለዚህ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

«ለዚህ ተብሎ የሚገደል ቢሆን በየዓመቱ እገድለው ነበር!»

ሺባዛኪ ሳቁን ዋጠ። «አሥራ ሁለት ቀቢዎች ናችሁ ተባልኩ። ያን ምሽት ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«የሩሪ ጠጉር የሚቀባበት ሰማያዊ ቀለም አለቀብን። ሴጋዋ ስልክ ሲደውል ነገ ነው የሚመጣው አሉት። እኔም አሥራ አንዱን ልጆች በዘጠኝ ሰዓት ሸኘኋቸው። ብሩሽ ሳጥብ ቆየሁና አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል በጓሮ በር ወጣሁ።»

«ስትወጪ ያየሽ አለ?»

«የለም። ቤቴም የሚጠብቀኝ የለም።»

«ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሠዓሊዎች የናንተ ልጆች መሄዳቸውን ያውቃሉ?»

«ማን ይነግራቸዋል? ሥዕላቸውን በቅርጫት ያወርዱልናል፣ ቀብተን እንመልሳለን። ፊታችንን እንኳ አያውቁትም።»

ሴጋዋ ወፍራም ነው፤ በሰኔው ዝናብ ወበቅ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ኩዋባራ ሩሪንና ቶዋን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ ሊሄድ ነበር» አለው ሺባዛኪ። «ለርስዎ ኪሳራ ነው፤ አይደል?»

«ኪሳራ ሳይሆን ሞት ነው! ግን ጌታዬ፣ እኔ ኩዋባራን መግደል ብፈልግ ልግደለው እንጂ እዚያ ቁጭ ብዬ ልቀባ? ከቀለም ክፍል ለመውጣት እኮ ስድስት ዓመት ነው የፈጀብኝ።»

«ቀቢ ነበሩ?»

«ወገቤን ይጠይቁት።»

ኢሶቤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አጎንብሶ ይሥላል። ቀጭን ነው፤ የመዳፉ ጠርዝ በእርሳስ ጠቁሯል። ከኋላው ግድግዳ ላይ ሩሪ በትልቅ ወረቀት ቡጢዋን ሰንዝራለች፤ በአረንጓዴ ዓይኖቿ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ብርሃን ታበራለች። ሺባዛኪ አተኩሮ ተመለከታት።

«እሷን የፈጠርካት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሣልኳት። ውሉ ላይ ግን የፈጠራት ኩዋባራ ነው የሚለው።» እርሳሱን አስቀመጠ። «ኢንስፔክተር፣ እትዬ ሃትሱኤን ልቀቋቸው። ለምን እሳቸውን ብቻ? ቀለም ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴት አይደል ያለው? ከአሥራ ሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ምን ታውቃላችሁ?»

ሰውየው የእውነት አዝኗል፤ ሺባዛኪም ይህ ሐዘን ደስ አላለውም። ወደ ጣቢያ ተመልሶ ፕላስቲኩን ከፖስታ አወጣ። ፖሊሶቹ እንደተገኘ፣ የተቀባው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ፎቶ አንስተው እንደዚያው አስቀምጠውታል። ዓይኑ አረንጓዴ፣ በላዩም ነጭ ነጥብ ነበረበት፤ ምንም አይጎድለውም። ወደ መስኮቱ ወስዶ ገለበጠው።

«አይ የሰው ነገር!» አለ ለራሱ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ቀለም ክፍል ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል፤ ሃትሱኤ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች። ሺባዛኪ የዓይን ክብ ብቻ የታተመባቸው ሦስት ፕላስቲኮች፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«የሩሪን ዓይን ቀቡልኝ። ሦስታችሁም።»

«መዋዕለ ሕፃናት አደረግከው እንዴ?» አለ አዛዡ።

«ጥርሴን እያመመኝ አታናግረኝ።»

ሃትሱኤ በነጩ ጀመረች፤ ትንሽ ነጥብ አስቀመጠች፣ እፍ እፍ ብላ አደረቀችው፣ ከዚያ አረንጓዴውን በላዩ ደፋችበት። ሴጋዋም እያጉረመረመ እንደዚያው አደረገ። ኢሶቤ ለብቻው ጥግ ይዞ ነበር። ክቡን በአረንጓዴ ሞላው፤ ሲደርቅ በላዩ ነጩን ነጥብ አኖረ። ከሦስቱም ይበልጥ ያማረው የሱ ነበር፤ እጁ የሠዓሊ እጅ ነው።

«አሁን ገልብጧቸው» አለ ሺባዛኪ።

ሃትሱኤ የቀባችው ዓይን ያያል። የሴጋዋም ያያል። የኢሶቤ ዓይን አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ብርሃን የለውም።

ኢሶቤ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ፊልሙ የሚነሣው ካልተቀባው ገጽ ነው» አለ ሺባዛኪ። «ስለዚህ እዚህ ክፍል ሁሉ ነገር ከጀርባ ይቀባል፤ ፊት የሚታየው መጀመሪያ ይገባል። የዓይኑ ብርሃን ደግሞ እንደ ዓይኑ ክብ የታተመ መስመር የለውም፤ ካልቀደመ ይዋጣል። ይህን እዚህ ያለች ሴት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ትማራለች። ሬሳው አጠገብ የተገኘውን እዩት።» አነሣው፤ ሩሪ በሞተ ዓይን አፈጠጠችባቸው። «ይህን ቀቢ አልቀባውም። ስለዚህ ወይዘሮ ሃትሱኤም ሴጋዋም አይደሉም።»

«ሆን ብላ አበላሽታው ቢሆንስ?» አለ አዛዡ።

«ሆን ብሎ ራሱን ለማዳን የሚያበላሽ፣ በራሱ ብሩሽ አይቀባም፤ ስትይዛትም ‹ገልብጡት› ትልህ ነበር። እሷ ግን አላየችውም፤ አንተም አላሳየሃትም። ደግሞ ገዳዩ ‹ቀቢ ነች› እንድንል ብቻ ነው የፈለገው፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ውስጥ ጥፋቱ ተበትኖ እንዲጠፋ። ያን ቀን አሥራ አንዱ እንደሄዱ ሴጋዋ ያውቃል፤ ቀለሙን በስልክ የጠየቀው እሱ ነው። ኢሶቤ ግን ባዶውን ክፍል ሲያገኝ ሁሉም ገና አሁን የወጡ መስሎታል፤ ዛሬ ጧት እንኳ አሥራ ሁለት ብሎ ነው የነገረኝ።»

ኢሶቤ ወንበር ላይ ወደቀ። «ኩዋባራ ቀለሞቹን ሊያይ ወርዶ ነበር። ስሜን ከስሙ ሥር እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ‹አንተ እጅ ነህ፤ የእጅን ስም ማን ይጽፋል?› አለኝ። ከዚያ መተርኮሻው እጄ ውስጥ ነበር።» ወደ ሃትሱኤ ዞረ። «እትዬ፣ በርስዎ ላይ ይመጣል ብዬ አይደለም! በማንም ላይ አይሆንም ብዬ ነው።»

«ማንም ያልካቸው እኮ ከኔ ጋር የሚቀቡት ልጆቼ ናቸው» አለች ሃትሱኤ። «የኪሚኮ እናት አልጋ ላይ ናት። ሳዮ ነፍሰ ጡር ናት። የትኛዋ ትሁንልህ ነበር?»

ኢሶቤ ፕላስቲኩ ላይ ያለችውን ሩሪን አያት፤ ዕድሜውን ሰጥቷት፣ ሕያው የምትሆንበትን ክፍል ግን አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አላየም።

«ይስተካከላል?» አለ በሹክሹክታ።

«አይስተካከልም። ብርሃኑ መቅደም ነበረበት» አለች ሃትሱኤ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የጣቢያው መኪና ውስጥ የገባው ኢሶቤ ነበር። ሃትሱኤ ሰማያዊው ቀለም መድረሱን ጠየቀች፤ ደርሷል። ልጆቹን አስጠርታ ሥራ ጀመረች፤ ምክንያቱም አሥር ቀን ብቻ ነው የቀረው።

በአሥረኛው ቀን ሺባዛኪ ቴሌቪዥን ከፈተ። ጨረቃ ተሰነጠቀች፤ ሩሪም በሚያበራ ዓይን ይቅርታ ጠየቀች። ሚስቱ እስክትጠግብ ሳቀች። ከዚያ ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። የሟቹ ስም ብቻውን በትልቁ ወጣ፤ የሴጋዋ ተከተለ። የሠዓሊው ቦታ ባዶ ነበር። በመጨረሻ «ሌሎች ቀቢዎች» የሚል ወጥቶ ጠፋ። ሺባዛኪ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ተጠጋ።

«ምን ትፈልጋለህ አንተ ሰው?» አለች ሚስቱ። «አለቀ እኮ።»